በሴቶች ጀርባ የመጣ ተራራ

መኪና መንዳት አስተምራለሁ። ዋናው ሥራዬ ዳገት ላይ የቆመ ሰው ወደ ኋላ ሳይንሸራተት እንዲነሳ ማድረግ ነው፤ ኮተቤ ደግሞ በዳገት አትታማም። ሃያ ዓመት ከተማሪ ጎን ተቀምጬ ፍሬን ስረግጥ ስለኖርኩ፣ ብራስልስ የገባን ዕለት ባቡር ውስጥ ሳይቀር ቀኝ እግሬ ወለሉን ይጫን ነበር። ልጄ አይታኝ ሳቀች።

«አባዬ፣ እዚህ የምትነዳው ነገር የለም። ዘና በልና እይ!» አለችኝ።

ልጄ እዚያ ለትምህርት ከሄደች ሁለት ዓመቷ ነው። እኔንና እናቴን ለሁለት ሳምንት የጠራችን ክረምት ላይ፣ ኮተቤ በጭቃ ስትታጠብ ነበር። ባለቤቴ ቤቱን ልጠብቅ ብላ ቀረች። እኔም ዘና ማለቱን እወድ ነበር፤ ነገር ግን የምፈራው ነገር አብሮኝ ተሳፍሮ መጥቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ በልጅነቷ ከጋሞ ደጋ መጥታ፣ እኔን ያሳደገችኝ ከእንጦጦ እንጨት በጀርባዋ እየተሸከመች ነው። ልጄ ይህን አታውቅም። እሷ የምታውቀው አያቷ የፈትል ፋብሪካ ሠራተኛ እንደነበረች ነው። ውሸቱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ ገና አፍ ስትፈታ እናቴን ጓዳ ጠርቼ፣ «ለልጅቷ ስለ እንጨቱ ባትነግሪያት ደስ ይለኛል» አልኳት። «ታዲያ ምን ልበላት?» አለችኝ። «ፋብሪካ በያት።» «እሺ» አለች።  አራተኛ ክፍል ስትደርስ ልጄ ስለ አያቷ ድርሰት ጽፋ ሳሎን ውስጥ ቆማ አነበበችልን። በድርሰቱ ውስጥ እናቴ ነጭ ጋዋን ለብሳ ከትልቅ ማሽን ፊት ትቆማለች። እናቴ እስከ መጨረሻው አዳምጣ አጨበጨበች። እኔ ስልክ የተደወለልኝ መስዬ ወጣሁ።

አሁን እናቴ ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከልጄ ጋር አንድ ክፍል ልትተኛ ነው። አንድ ቀን ያመልጣታል ብዬ ነበር ሥጋቴ። በእናቴ አላፍርም እያልኩ ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን አፍር ነበር፣ ከዚያም በላይ ማፈሬን ልጄ እንዳታውቅብኝ እፈራ ነበር።

ስለ እንጨቱ ትንሽ ልናገር። ያኔ የምንኖረው ከተራራው ግርጌ፣ ፈረንሳይ ሰፈር ነው። እናቴ ጎህ ሲቀድ ወጥታ፣ ከባሕር ዛፉ ስር ጭራሮና ቅጠል ሰብስባ፣ በገመድ አስራ ትወርዳለች። ሸክሙ ወገቧ ላይ በአግድም ተኝቶ ከሁለቱም ጎን ይተርፋታል፤ እሷ ከስሩ ግማሽ ሰው ትሆናለች። መንገድ ላይ አውርዶ ማረፍ አይቻልም፣ ምክንያቱም ያወረዱትን ብቻ መልሶ ማንሳት የለም። ስለዚህ ሴቶቹ አንድ ልማድ ነበራቸው። ሸክም ይዛ የቆመች ሴት ካጋጠመችህ ሰላም አትላትም፤ የምትመልስበት ትንፋሽ የላትም። ከኋላዋ ዞረህ፣ ሁለት መዳፍህን ከሸክሙ ስር አግብተህ ወደ ላይ ትደግፋለህ። ልርዳሽ ወይ ብለህም አትጠይቅም። ትንፋሿ እስኪመለስ ትይዝላትና ቀስ ብለህ ትለቅላታለህ። ይህንን ማሳረፍ ይሉታል።

እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ወደ ላይ ወጥቼ እጠብቃትና አሳርፋት ነበር። ሰባተኛ ክፍል ስገባ ተውኩ። አንድ ቀን ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ከእንጦጦ ማርያም በኩል ኳስ ተጫውተን ስንመለስ፣ እናቴ ከበላያችን ወርዳ መንገዱ ዳር ቆመች። ሸክሟን የምታስደግፍበት ግንብ አልነበረም። ጓደኞቼ የማን እናት እንደሆነች አያውቁም። ከእኔ እስከ እሷ ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። እኔ አንገቴን ደፍቼ፣ አዲሱን ነጭ የሸራ ጫማዬንና በጎኑ ያለውን ቀይ መስመር ሳይ ቆየሁ። ከዚያ ጓደኞቼን ተከትዬ አለፍኩ። ማታ ቤት ስንገናኝ ምንም አላለችም። ጎንበስ ያለ ሰው መሬት እንጂ ፊት አያይም፣ አላየችኝም ብዬ ተጽናናሁ። አርባ ዓመት ሙሉ የተጽናናሁት በዚህ ነው።

ወደ ብራስልስ ልመለስ። ከተማው አስደነገጠኝ፤ ሌላ ቃል የለኝም። ልጄ መጀመሪያ የወሰደችን ወደ ትልቁ አደባባይ ነው። በጠባብ መንገድ፣ በቸኮሌት ሱቅ መሀል እየተጋፋን ሄደን አንድ ማዕዘን ስንዞር ሰማዩ ድንገት ተከፈተ። ዙሪያውን የቆሙት ሕንፃዎች ድንጋያቸው እንደ ቀሚስ ጥልፍ ተፈልፍሏል፣ ጫፍ ጫፋቸው ወርቅ የተቀባ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ግንብ ሽቅብ ሲያዩት አንገት ያማል። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ መስቀለኛ ለበሰች፤ ደብር መስሏት ነው።

«እምዬ፣ ቤተ ክርስቲያን አይደለም» አለቻት ልጄ። «የነጋዴ ማኅበራት ቤት ነበር። ያ የዳቦ ጋጋሪዎች፣ ያኛው የቢራ ጠማቂዎች።»

«ዳቦ ጋጋሪ ነው ይህንን የሠራው?» አለች እናቴ። ረጅም ጊዜ አየችው። «እጃቸው ይባረክ። በሥራቸው አላፈሩም።»

እኔ ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ፤ መልስ እንዳልሰጥ።

ከዚያ ደግሞ ከተማው የሚታወቅበትን የሚሸና ሕፃን ሐውልት ልናይ ሄድን። ከዓለም ዳርቻ የመጣ ሕዝብ ተኮልኩሎ ስልኩን ሽቅብ ይዟል። ተጋፍተን ስንደርስ ሕፃኑ ከጉልበቴ ብዙም አያልፍም። እናቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ይህንን ለማየት ነው በአውሮፕላን የመጣሁት? እኛ አጥር ስር በየቀኑ ነበር እኮ!» ልጄም አብራት እየሳቀች አቀፈቻት። እኔም ያን ቀን ሥጋቴን ረሳሁት ማለት ይቻላል።

በስምንተኛው ቀን ወደ ጦር ሜዳው ሄድን። ዋተርሉ ይባላል፤ ከከተማው በስተደቡብ፣ በባቡርና በአውቶቡስ ትንሽ ያስኬዳል። ልጄ በመንገድ ላይ ታሪኩን ነገረችን። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት አውሮፓን ሲያንቀጠቅጥ ኖሮ፣ የሌሎቹ አገሮች ጦር ተባብሮ እዚህ ሜዳ ላይ በአንድ ቀን ውጊያ ጣለው።

«ማነው የተሸነፈው?» አለች እናቴ።

«ፈረንሳዮች።»

«ውይ፣ የሰፈሬ ልጆች!» አለች፤ አውቶቡሱ ውስጥ ያሉት ፈረንጆች እስኪዞሩ ሳቅን።

ሜዳው ሲደርሱበት ሜዳ ነው፤ ስንዴ፣ ድንች፣ ረጅም ሰማይ። ከኮተቤ ወጣ ብሎ ካራ በኩል ያለውን ማሳ የሚያውቅ ሰው አይደነቅም። ግን መሀሉ ላይ፣ ምንም በሌለበት፣ እንደ እህል ክምር ጫፉ የሾለ ኮረብታ ቆሟል፤ ጫፉ ላይ የብረት አንበሳ አለ። ከግርጌው ክብ ቤት ገባን። ውስጡ ዙሪያውን ሥዕል ነው፤ መሀል ስትቆም ጦርነቱ ከየአቅጣጫው ይመጣብሃል። ጭስ፣ ሰይፍ፣ ሆዱ የተቀደደ ፈረስ። የኮቴና የመድፍ ድምፅ በማጉያ ይለቀቃል። ጀርባዬን የማስጠጋበት ግድግዳ ፈለግሁ፤ የለም፣ ሁሉም ጦርነት ነው። እናቴ ሥዕሉን አንድ ጊዜ ዞረችው።

«ፈረሶቹ ምን አደረጉ?» አለች። 

ውጭ ስንወጣ ኮረብታውን ቆማ ተመለከተችው። «ይሄ የእግዜር ተራራ አይደለም» አለች።

«እንዴት አወቅሽ?» አለች ልጄ በመገረም። «እውነትሽን ነው፣ በሰው የተሠራ ነው። ከጦርነቱ በኋላ አፈሩን ከዚሁ ሜዳ ላይ ጠርገው ነው የከመሩት።» ከመግቢያው የተሰጣትን የሚናገር መሣሪያ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትተረጉማለች። «ሴቶች በጀርባቸው ቅርጫት ተሸክመው አፈሩን እንዳወጡት ይነገራል ይላል።»

«በጀርባቸው?» አለች እናቴ።

«በጀርባቸው።»

እናቴ ኮረብታውን ከግርጌው እስከ ጫፉ፣ ከጫፉ እስከ ግርጌው አየችው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ምልልሱን እየቆጠረች መሰለኝ።  አሁን ትናገራለች፣ አለቀልኝ አልኩ። እሷ ግን፣ «ልውጣው» ብቻ አለች።

«እምዬ፣ ሁለት መቶ ሃያ ስድስት ደረጃ ነው!»

«ልውጣው አልኩ እኮ።»

ደረጃው አንድ ወጥ ነው፤ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ሰማይ ውስጥ ይገባል። ወጣቶቹ እየሮጡ አልፈውን መሀል ላይ እያለከለኩ ይቆማሉ። እናቴ አትሮጥም፣ አትቆምም። እጆቿን ከኋላዋ ወገቧ ላይ አጣምራ፣ ከጉልበቷ ትንሽ ጎንበስ ብላ፣ በአንድ ዓይነት ዝግታ ትወጣለች። አካሄዱን አወቅሁት። ከአርባ ዓመት በፊት ያየሁት ነው፤ የቀረው ጭራሮው ብቻ ነው። እኔ ከኋላ እንደ አሮጌ ላዳ እያቃሰትኩ እከተላለሁ።

ከግማሽ በላይ ስንደርስ አንዲት ወጣት ፈረንጅ የብረት መደገፊያውን ይዛ ቆማ ነበር። በጀርባዋ፣ ዘንግ ባለው ማዘያ ውስጥ፣ ወፍራም ሕፃን ተኝቷል። ፊቷ ቀልቷል፣ ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል። እናቴ ሰላም አላለቻትም። ከኋላዋ ዞረች፣ ሁለት መዳፏን ከማዘያው ስር አገባች፣ ወደ ላይ ደገፈች።

ሴትዮዋ ጮኸች። እንዴት እንደጮኸች! ዞራ ሕፃኑን በደረቷ ልታቅፍ ስትሞክር ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ከላይ ባሏ እየተንደረደረ ወረደ፤ ወጪና ወራጁ ቆሞ ያየናል። እናቴ ሁለት እጇን አየር ላይ እንደያዘች ቀረች። ሴትዮዋ እናቴን እያመለከተች በፈረንሳይኛ ትናገራለች።

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። «አባዬ፣ ‘ልጄን ምን ልታደርገው ነው’ እያለች ነው። እምዬ ምን ሆና ነው? ምን ልበላት?»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ሁሉም ነገር አፌ ላይ ነበረ። እኔ ግን፣ «አርጅታለች በያት» አልኩ። «አንዳንዴ ይጠፋባታል። ይቅርታ ጠይቂልኝ።»

በአማርኛ ነው ያልኩት። እናቴ አጠገቤ ቆማለች። አየችኝ፤ አልተቆጣችም፣ አልደነገጠችም። እጆቿን አውርዳ ወገቧ ላይ መልሳ አጣመረቻቸውና መውጣት ቀጠለች። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ የቆምኩት ግን ሴቶች ጠቅጥቀው በሠሩት ተራራ ላይ ነው፣ የሚከፈት አይደለም።

ጫፉ ላይ ነፋሱ የእንጦጦ ነፋስ ነው፤ ጆሮ ውስጥ ገብቶ ያፏጫል። ከእንጦጦ ሲያዩ ከተማው በሙሉ ከእግር ስር ይነጠፋል፤ እዚህ ግን የሚታየው ባዶ ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ አንዳንድ የገበሬ ቤት፣ በሩቅ የቤተ ክርስቲያን ጫፍ። ይህ ሁሉ ጸጥታ በአንድ ቀን በሰውና በፈረስ ተሞልቶ፣ ማታ ሬሳ እንደነበር ሳስብ መደገፊያውን ያዝኩ። አፈሩ ደግሞ ያው አፈር ነው፤ ደም የጠጣውን ሴቶቹ አፍሰው፣ ቅርጫት በቅርጫት፣ እግሬ ስር አምጥተውታል። አንበሳው ትልቅ ነው፣ ፎቶ የሚነሳው እሱ ነው። እኔ አንበሳውን ማየት አልቻልኩም፤ አፈሩን ነበር የማየው። በሕይወቴ እንደዚያ በሰው ሥራ ተገርሜ፣ እንደዚያም በራሴ አፍሬ አላውቅም።

እናቴ ዳር ይዛ ወደ ታች ታያለች። «ጉድጓዱ የት ነው?» አለች። «ይህን ያህል አፈር ከተነሳ የጎደለ ቦታ መኖር አለበት።» ልጄ ወደ አንድ በኩል አመለከተቻት፤ እውነትም መሬቱ ዝቅ ብሏል። እናቴ ራሷን ነቀነቀች።

ልጄ ግን ሜዳውን አታይም፤ አያቷን ነበር የምታየው። ወደ እኔ ተጠግታ በሹክሹክታ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች። «ለምን አልነገርከኝም? እዚህ ጥሩ ሐኪም አለ። ነገ እወስዳታለሁ።» ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ከዚያ ወደ እናቴ ሄዳ እጇን ያዘችና፣ ሕፃን እንደሚያባብሉ ዓይነት፣ «እምዬ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» አለቻት።

«ቀኑን አባትሽን ጠይቂው» አለች እናቴ። «ሁሉን የሚያውቀው እሱ ነው።»

ከዚህ በላይ መሸሽ አልቻልኩም።

«ምንም አልጠፋባትም» አልኩ። ድምፄ ነፋሱ ውስጥ ቀጥኖ ተሰማኝ። «የዋሸሁት እኔ ነኝ። አያትሽ ፋብሪካ ሠርታ አታውቅም። ከእንጦጦ እንጨት ተሸካሚ ነበረች፤ እኔን በጀርባዋ ነው ያስተማረችኝ። እንዳትነግርሽ የለመንኳት እኔ ነኝ። ደረጃው ላይ ያደረገችው…» ማሳረፍ ምን እንደሆነ ነገርኳት። ስናገር እጄ ራሱ ሽቅብ ይደግፍ ነበር።

ልጄ እኔን ትታ ወደ አያቷ ዞረች።  «ድርሰቴን አጨበጨብሽልኝ እኮ» አለቻት።

«ጥሩ ነበራ ድርሰቱ።»

«ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ልጄ ለመነኝ። ምን ላድርግ? ልጅ ነው።»

ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ራሴ ተመልጧል። ልጅ ነው ስትል ፊቴን ወደ አንበሳው አዞርኩ።

ልጄ እንባዋን ጠርጋ ሄደች። ሴትዮዋ በሌላኛው ዳር ከባሏ ጋር ተቀምጣ ነበር። ልጄ አጠገቧ ተንበርክካ ብዙ ተናገረች፣ እጆቿንም ከሸክም ስር እንደምታስገባ አድርጋ ሽቅብ እየደገፈች አሳየች። ሴትዮዋ ቀና ብላ እናቴን አየች። ተነስታ መጣች። የተናገረችውን ልጄ ተረጎመችው። «እምዬ፣ ‘አላወቅኩም፣ ይቅርታ’ ትላለች። ወገቤ ሊበጠስ ነበር ትላለች።»

«መውረዱ ይብሳል በያት» አለች እናቴ። «መውረድ ጉልበት ነው የሚይዘው። ጎን ጎኑን ትውረድ።»

ሲተረጎምላት ሴትዮዋ ሳቀችና የእናቴን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። ሥራ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች የሚያወሩ ነበር የሚመስለው።

ስንወርድ ልጄ ከሴትዮዋ ኋላ፣ ማዘያውን ከስር ይዛ ወረደች። እናቴና እኔ ከኋላ ቀረን። ከእሷ አንድ ደረጃ በታች እየሄድኩ፣ ዞሬ ሳላያት፣ «እማዬ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ለየቱ?»

«ደረጃው ላይ ላልኩት። ለፋብሪካውም።»

«እሱንማ ተናገርከው፤ አለቀ።» ቆመች። መደገፊያውን ያዘች። «ያኛው ነው እንጂ ያልተናገርከው።»

«የትኛው?»

«ቀይ መስመር ያለበት ጫማ።»

ዞርኩ። እሷ እኔን አላየችም፤ ደረጃው ላይ፣ እግሬን ነበር የምታየው።

«ሸክም ስይዝ የሰው ጫማ ብቻ ነበር የሚታየኝ» አለች። «ያን ጫማ የገዛሁልህ እኔ አይደለሁም? ገና ሳምንቱ ነበር። ታሳርፈኛለህ ብዬ ቆሜ ጠበቅኩህ።»

 ሰው ይወጣል ይወርዳል። ወደ ላይ ተመልሼ ከኋላዋ ዞርኩና ሁለት መዳፌን ከወገቧ ስር አድርጌ ደገፍኳት። ቀላል ነበረች፣ በጣም ቀላል።

«አሁንማ ባዶዬን ነኝ» አለች። ግን ቶሎ አልተንቀሳቀሰችም።